«ደራሲው ማነው?» ሲባል ምን እየተጠየቀ ነው?

የቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር በተላለፈ ማግስት ሁለት ዓይነት ወሬ ይሰማል። አንዱ አድናቆት ነው። «ልጁ የሥነ ጽሑፍ ጥያቄዎቹን አንድም ሳይቀር ለቀማቸው፤ ያላነበበው መጽሐፍ የለም ማለት ነው» ይባላል። ሌላው ትዝብት ነው። አንዷ ተወዳዳሪ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የሚመስል የደራሲ ስም ሲጠፋባት «ይህን ሳታውቅ ምን ልትሠራ ወጣች?» የሚል አይታጣም።

አድናቂውና ታዛቢው የማይስማሙ ይመስላሉ እንጂ አንድ ግምት ይጋራሉ። ሁለቱም የሥነ ጽሑፍ ጥያቄ ንባብን ይለካል ብለው ያምናሉ። ውድድሩ ግን ንባብን አይለካም፤ ሊለካም አይችልም። የሚለካው የንባብ ጎረቤት የሆነ ሌላ ዕውቀት ነው። ጎረቤት ደግሞ ቤተኛ ቢሆንም የቤቱ ባለቤት አይደለም።

አስቀድሞ አንድ ቃል እናጥራ። እንዲህ ያለውን ውድድር በእንግሊዝኛ «ትሪቪያ» ይሉታል። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው። መነሻ ትርጉሙ ሦስት መንገዶች የሚገናኙበት ቦታ ማለት ነው። ውሎ አድሮ «ተራ ነገር»፣ «ትንንሽ ቁም ነገር» የሚል ፍቺ ያዘ። ስሙ ራሱ ትንሽ የሚያሾፍ ነው። ስለ ትልልቅ መጻሕፍት የሚጠየቀውም በዚሁ ስም ሥር ነው።

ማሽኑም የመለሰው ጥያቄ

በ1964 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው «ጄፓርዲ» የዚህ ዓይነት ውድድር ዋና ምሳሌ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አካሄዱ የተገለበጠ ነው። አቅራቢው ፍንጭ ያነባል፤ ተወዳዳሪው መልሱን በጥያቄ መልክ ይሰጣል። «ማነው እገሌ?» እንደማለት። በአንድ ጨዋታ እስከ 61 ፍንጮች ይቀርባሉ። የመጨረሻው ለብቻው ነው። ተወዳዳሪዎቹ ርእሱን ብቻ አይተው እስከዚያ ካገኙት ገንዘብ ያስይዛሉ። ከዚያ ፍንጩ ይነበባል። መልሳቸውን ለመጻፍ 30 ሰከንድ አላቸው።

በ2011 መጀመሪያ ላይ አይቢኤም የሠራው «ዋትሰን» የተባለ ኮምፒውተር ከሁለቱ ዝነኛ የጄፓርዲ አሸናፊዎች ጋር ተወዳደረ። እነሱም ኬን ጄኒንግስና ብራድ ረተር ናቸው። የውድድሩ መቋጫ የሥነ ጽሑፍ ጥያቄ ነበር። ርእሱ «የ19ኛው ክፍለ ዘመን ልቦለድ ጸሐፊዎች» ይላል። ፍንጩም በግርድፉ ይህን ይመስላል፦ ዊልያም ዊልኪንሰን ስለ ዋላኪያና ሞልዳቪያ ግዛቶች የጻፈው ዘገባ የዚህን ደራሲ እጅግ ዝነኛ ልቦለድ አነሳስቷል።

መልሱ ብራም ስቶከር ነው፤ በ1897 የታተመው የ«ድራኩላ» ደራሲ። ሦስቱም በትክክል መለሱ። ማሽኑም ጭምር።

አሁን እናስተውል። የዊልኪንሰንን ዘገባ ያነበበ ሰው ስንት ይሆናል? ማንም አንብቦታል ተብሎ አይጠበቅም። መንገዱ ሌላ ነው። ዋላኪያና ሞልዳቪያ ዛሬ ሮማኒያ በምንላት አገር አካባቢ የነበሩ ግዛቶች ናቸው። ሮማኒያ፣ 19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ዝነኛ ልቦለድ። ሦስቱን የገጠመ ሰው ድራኩላ ጋ ይደርሳል። «ድራኩላ»ን ገልጦ ባያውቅም ይደርሳል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከ2019 ነው። ጄምስ ሆልዝሃወር የተባለ ተወዳዳሪ 32 ጨዋታዎችን በተከታታይ አሸንፎ ነበር። በመጨረሻ ያሸነፈችው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ናት። ያን ቀን የመጨረሻው ርእስ «የሼክስፒር ዘመን» ነበር። ፍንጩ ከአንድ የሼክስፒር ተውኔት አጭር ሐረግ ይጠቅሳል። ሐረጉ ያለ ዕድሜው የሞተን አንድ ደራሲ እንደሚያመለክት ብዙዎች እንደሚያምኑ ይነግራል። ደራሲው ማነው?

ክሪስቶፈር ማርሎው። በ1593 ገና በ29 ዓመቱ በጩቤ የተገደለ ጸሐፌ ተውኔት ነው። ሐረጉ ጥልቅ ነው። በትንሽ ክፍል ውስጥ ስለሚደረግ ትልቅ የሒሳብ ክፍያ ይናገራል፤ ማርሎው የተገደለበት ጠብም የተነሣው በሒሳብ ክፍያ ነው ይባላል። ተውኔቱን ያነበበ ሰው ይህን ሲያይ ደስ ይለዋል። ለመልሱ ግን አያስፈልግም። «የሼክስፒር ዘመን» እና «ያለ ዕድሜው የሞተ ደራሲ» የሚሉት ሁለት ነገሮች ብቻቸውን ማርሎው ላይ ያደርሳሉ።

የሥነ ጽሑፍ ጥያቄ ጠባይ ይህ ነው። የሚጠይቀው መጽሐፉን ሳይሆን የመጽሐፉን መታወቂያ ነው። መታወቂያው ላይ ምን አለ? ርእስ፣ ደራሲ፣ የዋና ገጸ ባሕርይ ስም፣ ቦታ፣ ዘመን፣ ሽልማት፣ ምናልባት አንድ ዝነኛ የመክፈቻ ዐረፍተ ነገር። መታወቂያ የያዘ ሰው ማን እንደሆነ ይታወቃል። ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ግን መታወቂያው ላይ አይጻፍም።

ለምን መታወቂያው ብቻ?

ጥያቄ አዘጋጆቹ ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። (አንዳንዴ ናቸው፤ እመለስበታለሁ።) ዋናው ምክንያት የውድድሩ አሠራር ነው። የቴሌቪዥን ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ሊኖረው ይገባል። መልሱ አጭር መሆን አለበት። ዳኛ በሰከንዶች ውስጥ ልክ ነው ወይም ስህተት ነው ማለት መቻል አለበት።

ሐምሌትን እንውሰድ። «ሐምሌት የየት አገር ልዑል ነው?» የውድድር ጥያቄ ነው። መልሱ ዴንማርክ ነው፤ አለቀ። «ሐምሌት የአባቱን ደም ለመበቀል ለምን ዘገየ?» የንባብ ጥያቄ ነው። ሊቃውንት 400 ዓመት ሙሉ ሲከራከሩበት አልተቋጨም። ተወዳዳሪው ያለው አምስት ሰከንድ ነው። ተውኔቱን ተውኔት ያደረገው ግን ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ውድድሩ የመጽሐፉን ልብ የሚተወው ስለናቀው አይደለም። ልብ ልክና ስህተት ተብሎ አይታረምም።

የሚገርመው መታወቂያውም ቢሆን ሁልጊዜ ከክርክር አያመልጥም። በ2022 በጄፓርዲ የሻምፒዮኖች ውድድር ላይ የቀረበ አንድ ጥያቄ ብዙ አነጋግሯል። የሐዲስ ኪዳን ጥያቄ ነበር። ጳውሎስ ለእነሱ የጻፈው መልእክት ከሌሎቹ መልእክቶች ይልቅ ብዙ የብሉይ ኪዳን ጥቅሶችን ይዟል፤ እነማን ናቸው? አዘጋጆቹ የፈለጉት መልስ «ዕብራውያን» ነው። አንዱ ተወዳዳሪ «ሮማውያን» ብሎ ጻፈ፤ ስህተት ተባለ።

ጭቅጭቁ ከዚያ ተነሣ። የዕብራውያንን መልእክት ትውፊት ለጳውሎስ ይሰጠዋል። ብዙዎቹ የዘመኑ ተመራማሪዎች ግን ጳውሎስ አልጻፈውም ይላሉ። መልእክቱ ራሱ የጸሐፊውን ስም አይጠቅስም። የጳውሎስ አይደለም ከተባለ ደግሞ «ሮማውያን» የሚለው መልስ ሚዛን ይደፋል። ፍንጩ «ጳውሎስ የጻፈው» ባይል ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። «ማን ጻፈው?» የሚለው ቀላሉ ጥያቄ፣ መልሱ አንድ ነው ብለን የምንተማመንበት ጥያቄ፣ ራሱ ይህን ያህል ጭቅጭቅ አመጣ።

ሌላም አለ፤ ይህኛው ትንሽ ያስቃል። በ2018 መጀመሪያ ላይ በዚያው ውድድር የአንድ ዘፈን ርእስና የአንድ መጽሐፍ ርእስ አቀጣጥሎ መመለስን የሚጠይቅ ፍንጭ ቀረበ። ዘፈኑ የራፐሩ ኩሊዮ «ጋንግስታስ ፓራዳይዝ» ነው። መጽሐፉ ጆን ሚልተን በ1667 ያሳተመው «ፓራዳይዝ ሎስት» የተባለ ታላቅ ግጥም ነው። ተወዳዳሪው ሁለቱንም አወቀ። ነገር ግን የዘፈኑን የመጀመሪያ ቃል «ጋንግስታ» በማለት ፈንታ «ጋንግስተር» አለ። አቅራቢው መጀመሪያ ልክ ነው ብሎ አለፈ። ዳኞቹ ቆየት ብለው ሻሩት፤ ከተወዳዳሪው ላይም 3,200 ዶላር ተቀነሰ። ልጁ ጨዋታውን አሸነፈ፤ ውሳኔው ግን ለቀናት አነጋገረ። የሚልተን ዕውቀቱ አልተጠየቀም። የተጠየቀችው አንዲት ፊደል ናት።

መታወቂያው ብቻ የሚጠየቅበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ተመልካቹ። ውድድሩ የሚሸጠው ለተወዳዳሪው ሳይሆን ሶፋ ላይ ለተቀመጠው ሰው ነው። እሱም አብሮ መመለስ አለበት። አፉን ከፍቶ «አውቀዋለሁ! አውቀዋለሁ!» ማለት አለበት። ከአንድ መጽሐፍ ምዕራፍ 14 ላይ ስላለ ምልልስ ብትጠይቀው ቻናል ይቀይርብሃል።

ቅሌቱና የጣለው ጠባሳ

ስለዚህ ጥንቃቄ ስናወራ የ1950ዎቹን ታሪክ መዝለል አይቻልም። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ቴሌቪዥን «ትዌንቲ ዋን» የሚባል ውድድር ነበር። ከሁሉ በላይ ያበራው ኮከብ ቻርልስ ቫን ዶረን ነው። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መምህር ነበር። አባቱ ማርክ ቫን ዶረን በግጥሙ የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘ ገጣሚ ነው። ሰው ሁሉ የተማረ፣ ያነበበ፣ የጨዋ ልጅ ማለት እሱ ነው ብሎ ወደደው። 129,000 ዶላር አሸነፈ። መጽሔቶች ሽፋናቸው ላይ አወጡት።

በኋላ ነገሩ ሁሉ ድራማ ሆኖ ተገኘ። አዘጋጆቹ መልሱን ቀድመው ይሰጡት ነበር። ላቡን እንዴት እንደሚጠርግ፣ የት ላይ እንደሚያመነታ ሳይቀር ይለማመድ ነበር። ከእሱ በፊት የነበረው አሸናፊ ኸርበርት ስቴምፕል መልሱን የሚያውቀውን ጥያቄ ሆን ብሎ እንዲስት ተነግሮት ነው ቦታውን የለቀቀው። ቫን ዶረን በ1959 ለምክር ቤት ኮሚቴ ቀርቦ አመነ። በቀጣዩ ዓመት እንዲህ ያለ ማጭበርበርን የሚከለክል ሕግ ወጣ።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅም ነገር አለ። ሕዝቡን የጎዳው የገንዘቡ ነገር ብቻ አይደለም። ሰዉ መልስ መስጠትን ከምሁርነት ጋር አንድ አድርጎ አይቶ ነበር። ሰውየው በእርግጥም የተማረ ነው፤ በእርግጥም ሥነ ጽሑፍ ያውቃል። ለካሜራው ግን ያ በቂ አልነበረም። ምሁር እንኳ ቢሆን የቴሌቪዥን ምሁር ለመምሰል መልስ ሊሾለክለት ግድ ሆነ። ሁለቱ ዕውቀቶች የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

የጄፓርዲ መወለድም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ፈጣሪው ሜርቭ ግሪፈን ከቅሌቱ በኋላ አዲስ ውድድር ሊያስብ ሲሞክር ሐሳቡን ያመጣችው ባለቤቱ ጁላን ናት። መልሱን ለምን ለተወዳዳሪዎቹ ራሳችን አንሰጣቸውም? ጥያቄውን እነሱ ይፈልጉ። ቀልድ የተቀላቀለበት ሐሳብ ነበር። ውድድሩ ግን በዚያው ሐሳብ ላይ ተመሠረተ።

ከቅሌቱ ወዲህ የጥያቄ ዝግጅት እንደ ሒሳብ ምርመራ ሆነ። እያንዳንዱ መልስ በሰነድ የሚረጋገጥ መሆን አለበት። በሰነድ የሚረጋገጠው ደግሞ መታወቂያው ነው።

የደወሉ ጣጣ

ተመልካች የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። ማወቅና ደወሉን ቀድሞ መጫን የተለያዩ ናቸው። በጄፓርዲ ፍንጩ ተነቦ ሳያልቅ የደወሉ ቁልፍ አይሠራም። አንብቦ ሲጨርስ መብራት ይበራል። ከዚያ በፊት የተጫነ ቁልፍ ለሩብ ሰከንድ ይዘጋል። ሩብ ሰከንድ ደግሞ እዚያ ብዙ ነው። ብዙ ጊዜ ሦስቱም መልሱን ያውቁታል፤ የሚለያቸው የአውራ ጣት ፍጥነት ነው። ስለዚህ ዝም ያለው አላወቀም ማለት አይደለም።

በ1962 የተጀመረው የእንግሊዞቹ «ዩኒቨርሲቲ ቻሌንጅ» ደግሞ በተቃራኒው ማቋረጥን ይፈቅዳል። የመክፈቻው ጥያቄ 10 ነጥብ አለው። ጥያቄው ሳያልቅ ገብቶ የተሳሳተ ቡድን 5 ነጥብ ይቀነስበታል። እዚህ ሥነ ጽሑፍ የሚያውቅ ሰው ትንሽ ዕድል ያገኛል። ከመጀመሪያዎቹ ቃላት ደራሲውን የሸተተ ሰው ቀድሞ ይገባል።

ከደወሉ ጋር የሚሄድ ሌላ ችግር «አፌ ላይ ነው» የምንለው ነገር ነው። ሮጀር ብራውንና ዴቪድ ማክኒል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1966 በጥናት አሳይተውታል። ሰው ቃሉ ሲጠፋው እንኳ በየትኛው ፊደል እንደሚጀምር፣ ስንት ክፍለ ቃል እንዳለው ብዙ ጊዜ ያውቃል። በዚህ ረገድ የሰው ስም ከሁሉ የከፋ ነው። የሥነ ጽሑፍ ጥያቄ መልሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሰው ስም ነው። ልቦለዱን ሁለት ጊዜ ያነበበች ሴት መብራቱ ፊት ቆማ የዋናዋ ገጸ ባሕርይ ስም ቢጠፋት አያስገርምም። መጽሐፉን ያላነበበው ግን ስሙን ትናንት ማታ የሸመደደው ሰው ይቀድማታል።

አማራጭ ያለው ውድድር ሌላ ነው። በ1998 በእንግሊዝ የጀመረው «ሁ ዎንትስ ቱ ቢ ኤ ሚሊየነር» አራት አማራጭ ይሰጣል። ስምን ከራስ ማውጣትና ስምን አይቶ መለየት አንድ አይደሉም። ሁለተኛው በጣም ይቀላል። ስለዚህ የሁለቱን ውድድር ተወዳዳሪዎች ማወዳደር ብዙም አያስኬድም።

ሳያነቡ ማወቅ

ታዲያ ተወዳዳሪዎች እንዴት ይዘጋጃሉ? መልሱ አንባቢ ሰው ሲሰማው ቅር ይለዋል። ሆልዝሃወር የማያውቃቸውን ርእሶች ለማጥናት የልጆች መጻሕፍት ይጠቀም እንደነበር ተናግሯል። በሥዕል የተሞሉ፣ አጫጭር፣ ዋና ዋናውን ብቻ የሚነግሩ መጻሕፍት ናቸው። ከእሱ በፊት በ2010 በአንድ ጨዋታ 77,000 ዶላር በማግኘት ክብረ ወሰን የያዘ የኮምፒውተር ሳይንስ ባለሙያ ነበር። እሱ ደግሞ ቀደም ሲል የተጠየቁትን ጥያቄዎች በገፍ ሰብስቦ በኮምፒውተር ተነተናቸው። የትኛው ርእስ ይደጋገማል? እኔ የት ላይ እደክማለሁ? ብሎ አጠና።

ለማስታወስ የተጠቀመበት መንገድ «በየጊዜው መከለስ» ሊባል ይችላል። ሥሩ ሩቅ ነው። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ባሳተመው ጥናት የተማርነው ነገር መጀመሪያ በፍጥነት፣ በኋላ ቀስ እያለ እንደሚጠፋ አሳይቷል። ሊረሳ ሲል ከተከለሰ ግን ዕድሜው ይረዝማል። ዛሬ ይህን የሚያሰሉ የስልክ መተግበሪያዎች አሉ። ካርዱ በአንድ ወገን «ጆርጅ ኤልየት» ይላል፤ በሌላው ወገን «ሜሪ አን ኢቫንስ»። አንዲት እንግሊዛዊት ደራሲ የወንድ ብዕር ስም መያዟን ለማወቅ ልቦለዷን ማንበብ አያስፈልግም።

ይህን «ሽምደዳ» ብሎ መናቅ ይቀላል። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 ያወጡት ጥናት አለ። ያጠኑትን ነገር ራሳቸውን የፈተኑ ተማሪዎች፣ ደግመው ካነበቡት ይልቅ ከሳምንት በኋላ የተሻለ አስታውሰዋል። መጠየቅ ዕውቀትን የሚለካ ብቻ ሳይሆን የሚያጸናም ነው። ችግሩ መሸምደዱ ሳይሆን፣ የተሸመደደውን እንደ ተነበበ መቁጠሩ ነው።

ክቡ እየጠበበ ይሄዳል

ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙ አይወራበትም። ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ይህ ይመስለኛል።

ጠያቂው የታወቀውን ይጠይቃል፤ ያልታወቀውን ቢጠይቅ ተመልካች ያኮርፋል። ተወዳዳሪው ከዚህ በፊት የተጠየቀውን ያጠናል። ቀጣዩ ጠያቂ ደግሞ ሰው ምን እንደሚያውቅ ለመገመት ያለፉትን ጥያቄዎች ያያል። የታወቀው ይበልጥ ይታወቃል። የሥነ ጽሑፍ ሰዎች «ቀኖና» የሚሉት ነገር አለ። እዚህ ላይ ቃሉ የቤተ ክርስቲያኑ ሳይሆን፣ አንድ ማኅበረሰብ «እነዚህማ መታወቅ አለባቸው» ብሎ የመረጣቸው ሥራዎች ስብስብ ማለት ነው። የቴሌቪዥን ውድድር የራሱ ቀኖና አለው። እሱም ከትምህርት ቤቱ ቀኖና የጠበበ ነው።

ለምሳሌ ሽልማት ያለው ሥራ ይጠየቃል። ከ1901 ጀምሮ የሚሰጠው የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ለጠያቂዎች የማያልቅ ስንቅ ነው። ዣን ፖል ሳርትር በ1964 አልቀበልም ማለቱ ይጠየቃል። ዊንስተን ቸርችል በ1953 በሥነ ጽሑፍ ማሸነፉ ይጠየቃል። ሳርትር ምን ጻፈ? እሱ አይጠየቅም። ወጥመድ ያለውም ይወደዳል። ፍራንከንስታይን የፍጡሩ ሳይሆን የፈጣሪው ስም መሆኑ አንድ ሰሞን ብልህ ጥያቄ ነበር። አሁን ሁሉም ስለሚያውቀው ወጥመድነቱ ቀርቷል። ሜሪ ሼሊ በ1818 ያሳተመችው ልቦለድ ግን ፈጣሪ ለፈጠረው ነገር ስላለበት ኃላፊነት ያነሣው ጥያቄ እስከ ዛሬ አልቀለለም።

ከክቡ ውጭ የሚቀረውስ? አጭር ልቦለድ ይቀራል፤ አብዛኛው ዝነኛ ገጸ ባሕርይ የለውም። የግጥም መድበል ይቀራል። ወደ ውድድሩ ቋንቋ ያልተተረጎመ ሥራ ይቀራል። ከሁሉ በላይ ቃል ግጥም፣ ተረትና ምሳሌያዊ አነጋገር ይቀራሉ። ደራሲያቸው አይታወቅም። ያለ ደራሲ፣ ያለ ዓመተ ምሕረት፣ በመቶ መልክ የሚነገር ሥራ መታወቂያ የለውም። ስለዚህ «ማን ጻፈው?» ላይ በተመሠረተ ውድድር ውስጥ የሌለ ያህል ነው። የሆሜር ግጥሞች የገቡት እንኳ ስም ስለተለጠፈባቸው ነው። ሆሜር የሚባል አንድ ሰው ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ክርክር ውድድሩ አይነካውም። ስሙ ካለ ይበቃዋል።

የሚደግፉና የሚቃወሙ

የሚቃወሙት ወገኖች የሚሉት ግልጽ ነው። ውድድሩ መጽሐፍን ወደ ስም ዝርዝር ያወርደዋል። ልጆች ማንበብን ከማወቅ፣ ማወቅን ከመጥቀስ ጋር ያምታታሉ። ፍጥነት ይሸለማል፤ ማሰላሰል ይቀጣል።

የሚደግፉት ወገኖችም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። አሜሪካዊው የሥነ ጽሑፍ ምሁር ኢ. ዲ. ሂርሽ በ1987 ይህን የሚመስል ክርክር አንሥቶ ነበር። ሰው ጽሑፍ ለመረዳት ፊደል መቁጠር አይበቃውም፤ ጸሐፊው አንባቢዬ ያውቃቸዋል ብሎ የሚያልፋቸውን ስሞችና ነገሮች ማወቅ አለበት አለ። ጋዜጣ ላይ «ዶን ኪኾቴ» የሚል ቃል ያገኘ ሰው ደራሲውን ሰርቫንቴስን ባያነብም ምን ማለት እንደሆነ ቢያውቅ ይጠቀማል። ሂርሽ ወደ 5,000 የሚሆኑ ስሞችና ሐረጎች ዝርዝር አወጣ። ተቺዎቹም ወዲያው «የማን ዝርዝር ነው? ማን መረጠው?» አሉ። የቴሌቪዥኑ ውድድር ላይ የሚነሣውም ይኸው ጥያቄ ነው። ዝርዝር ማስፈለጉና ዝርዝሩ ፍትሐዊ መሆኑ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

እንደኔ ደጋፊዎቹ ስለ መታወቂያው ዋጋ የሚሉት ልክ ነው። ስም የማያውቅ ሰው ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ምን ይጠይቃል? ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ስለ ልማዱ የሚሉት ልክ ነው። «ይህን መጽሐፍ ማን ጻፈው?» የሚለው ጥያቄ አንዴ ያስፈልጋል፤ በአንድ ምሽት ስምንት ጊዜ ግን የአዘጋጁ ስንፍና ነው።

የተሻለ ጥያቄ ይቻላል

ለተማሪዎች በሚዘጋጁ ውድድሮች የሚሠራበት አንድ ዘዴ አለ። «የፒራሚድ ጥያቄ» ይሉታል። ጥያቄው ረጅም ነው። ከከባዱ ፍንጭ ይጀምርና ወደ ቀላሉ ይወርዳል። በማንኛውም ሰዓት ደወል መጫን ይቻላል። ለምሳሌ እንዲህ፦

«እኚህ ደራሲ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተዋግተው ተማረኩ፤ ጣሊያን ተወስደውም ታሰሩ። በኋላ በዲፕሎማትነት አገለገሉ። ‹የልም ዣት› እና ‹ወንጀለኛው ዳኛ› የእሳቸው ልቦለዶች ናቸው። እውነቱን ስለሚናገር ሰው እንደ እብድ የሚያየውን ጉዱ ካሳን ፈጥረዋል። በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ያፋቀሩት እኚህ ደራሲ ማን ናቸው?»

መልሱ ሐዲስ ዓለማየሁ መሆኑን መጨረሻው ላይ ሁሉም ያውቀዋል። ልዩነቱ የት ላይ ተጫነ የሚለው ነው። የሕይወት ታሪካቸውን ያወቀ የመጀመሪያው መስመር ላይ ይገባል። ሌሎች ሥራዎቻቸውን የሚያውቅ ሦስተኛው ላይ። ልቦለዱን ያነበበ ወይም በሬዲዮ ትረካ የሰማ ጉዱ ካሳ ሲባል ይነቃል። ስሙን ብቻ የሚያውቀው የመጨረሻውን ይጠብቃል። ይህም ቢሆን ሐዲስ ስለ ባላባትና ስለ ባሪያ፣ ስለ ልማድና ስለ ፍትሕ የጻፉትን አይለካም። ግን ቢያንስ የዕውቀትን ደረጃ ይለያል።

ችግሩ ጥያቄው ጊዜ መብላቱ ነው። አንዱ ብቻ ግማሽ ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ለቴሌቪዥን ይህ ውድ ነው።

ወደ ንባብ በጣም የሚጠጋው ግን ሌላ ነው። ከ1972 ጀምሮ የሚታወቀው የቢቢሲ «ማስተርማይንድ» ተወዳዳሪው የራሱን ርእስ እንዲመርጥ ያደርጋል። ሐሳቡን ያፈለቀው ቢል ራይት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተማርኮ በናዚ ጀርመን ምስጢራዊ ፖሊስ፣ በጌስታፖ፣ የተመረመረ ሰው ነው። ጥቁሩ ወንበርና ፊት ላይ የሚያርፈው መብራት ከዚያ ትዝታ የመጣ ነው። ተወዳዳሪው የአንድ ደራሲን ሥራዎች በሙሉ መርጦ ሁለት ደቂቃ ይጠየቃል። እዚያ መታወቂያ አያድንም። ጥያቄው ትንሿ ገጸ ባሕርይ የምትሠራበት ሱቅ፣ ደብዳቤው የተገኘበት መሳቢያ፣ የውሻው ስም ድረስ ይወርዳል። መጽሐፉን ያላነበበ ሰው እንደዚያ ያለ ወንበር ላይ ለመቀመጥ አይደፍርም። አሁንም ግን ውሻው ለምን እንዳለቀሰ አይጠየቅም።

እዚህ ላይ ወደ ዋትሰን እንመለስ። በ2011 ያ ማሽን ከኢንተርኔት ጋር አልተገናኘም ነበር። የተጫነለት መዝገበ ቃላት፣ ኢንሳይክሎፒዲያና ሌላም ብዙ ጽሑፍ ነው። ቃላትን ከቃላት እያዛመደ ስቶከር ጋ ደረሰ። በመጨረሻም 77,147 ዶላር አስመዘገበ፤ ጄኒንግስ 24,000፣ ረተር 21,600። ማሽን መታወቂያን ከሰው በተሻለ እንደሚይዝ ከዚያ ቀን ወዲህ አከራካሪ አይደለም። ዛሬ ደግሞ ያንኑ ሥራ በእያንዳንዱ ሰው ኪስ ያለ ስልክ ይሠራዋል።

ውድድሩ ግን አልሞተም። ሰው ሰው ሲያስታውስ ማየት ይወዳል፤ ሲያመነታ፣ ግንባሩን ሲቋጥር፣ ስሙ ድንገት ሲመጣለት ፊቱ ሲበራ። ጄኒንግስ ያን ቀን ከትክክለኛ መልሱ ሥር አንድ ቀልድ ጻፈበት። እሱ በበኩሉ አዲሶቹን የኮምፒውተር ጌቶች እንደሚቀበል የሚገልጽ ነበር። ዛሬ የጄፓርዲ አቅራቢ ሆኖ ፍንጮቹን ቆሞ የሚያነበው እሱ ራሱ ነው።